የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም

ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ጎረቤቱም ዘመዱም፣ አንዳንዴም የተጠራው ጠጋኝ ራሱ፣ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል»። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ሲሊንደር ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ያገለግላል። ከቀነሰ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት በተቀደደ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ነው፤ ትንሽ ቆይተው ያንኑ ገንዘብ ይደግማሉ።

ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ቀላል ቀላሉን ይመልከቱ። መጀመሪያ የበሩን ጎማ። ወረቀት በበሩ አጣብቀው ይሳቡት፤ ሳይያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው ላልቷል ወይም ቆሽሿል። ብዙ ጊዜ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ማጠብ ይበቃዋል። ቀጥሎ ጀርባው። ከኋላ ጥቁር የሽቦ መረብ ካለው ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚያ ነው፤ አቧራ ከለበሰ ወይም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ይታፈናል። ከሶኬት ነቅለው በዓመት ሁለቴ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። መረቡ የማይታይባቸው ፍሪጆች ደግሞ ብዙዎቹ ሙቀቱን የሚያስወጡት በጎናቸው ነው። (ዳንቴሉን ጎኑ ድረስ የምናወርድ ሰዎች፣ ትንሽ ከፍ እናድርገው!)

ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውኃ ካቆረ ከውስጥ በስተጀርባ ያለችው የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ትከፈታለች።

ከሁሉም የከፋው ቢላ ነው። እኔ የመጀመሪያ ፍሪጄን የገደልኩት በፋሲካ ዋዜማ ነው። ለዶሮዋ ቦታ ላገኝ ቸኩዬ የፍሪዘሩን በረዶ በቢላ ስፈነቅል «ፍሽሽ» አለ። ጋዙ የሚዞርበት ስስ ቧንቧ እዚያው የፍሪዘሩ ግድግዳ ውስጥ ነው። ድምፁን ከሰሙ መስኮት ይክፈቱ፤ ክብሪት አይጫሩ፣ የመብራት ማብሪያም አይንኩ፤ የተያያዘ ከሰል ካለም ያርቁ። ጀርባው ላይ «አር 600ኤ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ፍሪጆች ጋዛቸው ተቀጣጣይ ነው። በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሞላ ከሶኬት ይንቀሉት፤ በሩን ከፍተው፣ ሙቅ ውኃ በሳህን ውስጡ አስቀምጠው ይጠብቁት። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ከቢላው ይረክሳል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ምግቡን 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ያቆያል። ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ሥጋና ወተቱን «ሽታው ደህና ነው» ብለው ለልጆች አይስጡ፤ የሚያሳምም ተህዋስ ሁሉ አይሸትም። መብራቱ እንደ ጠፋ ፍሪጁን ይንቀሉት፤ ሲመጣም 5 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩት። መጥቶ ወዲያው የሚሄደው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ነው ኮምፕረሰሩን የሚያቃጥለው። ስታብላይዘር ሲገዙም አዘግይቶ የሚያበራውን ይምረጡ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልቀዘቀዘ ባለሙያ ይጥሩ። «ጋዝ ነው» ካለዎት ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ቀዳዳው የት እንደሆነ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።