የጣራውን ውኃ ስለ ምን እናባክናለን?

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። የተረቱን እውነትነት ለማየት አባይ ድረስ መውረድ አያሻንም፤ ቡራዩ ይበቃናል። በዚያ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ከሱሉልታም ውኃ በፕላስቲክ እየታሸገ በመኪና ወደ ከተማው ይገባል። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ግን እናቶችና እኅቶች ዛሬም ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ፋብሪካ በበዛበት በሰበታ በኩል ወንዙ ራሱ የማይታመን ሆኗል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ስም ግን ጥም አይቆርጥም። የከተማውን ቧንቧ ከፍተን የምንጠጣ እኛ ተማሪዎች፣ ነገሩ አይመለከተንም ልንል አንችልም።

ሒሳቡን እንመልከት። በዚህ አካባቢ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ፣ ከ28,000 ሊትር በላይ ያገኛል። ይህ ሁሉ ዛሬ ጓሮ ሸርሽሮ ጭቃ ከማብዛት በቀር ጥቅም አይሰጥም።

ዝናቡ አብዛኛው በክረምት ወራት መጥቶ ስለሚሄድ፣ ቁም ነገሩ ከአሸንዳው ይልቅ በማጠራቀሚያው ላይ ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በመስከረም ሞልቶ ቢቆይ፣ ቤተ ሰቡም ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በቀን አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ፣ 200 ቀን ያደርሰዋል።

«የጣራ ውኃ ንጹሕ ነውን?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የወፍ ኩስና የበጋ አቧራ ከቆርቆሮው ላይ አለ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አጥቦ እንዲፈስ መተው፣ መግቢያውን በወንፊት መጋረድ፣ ትንኝ እንዳይራባ አጥብቆ መክደን፣ በጣሳ ሳይጨልፉ በቧንቧ መቅዳት፣ ሊጠጡት ሲሉም ማፍላት ወይም ክሎሪን ማድረግ።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው። ቧንቧ መዘርጋት የመንግሥት ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው ሮቶ ገዝቶ ራሱን እንዲያጠጣ መምከር ግዴታውን ከባለዕዳው ላይ ማንሣት አይደለምን? አይደለም፤ እንዲሆንም አንፈቅድም። ቧንቧው ይጠየቅ፤ እስኪደርስ ግን ሕፃናት በተቅማጥ መሞት የለባቸውም።

ዘመቻም ብቻውን አይበቃም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ እጅግ ብዙ የቤተ ሰብ ኩሬዎች በጥድፊያ ተቆፍረው፣ ብዙዎቹ ውኃው እየሰረገ ባዶ ቀርተዋል። ጥፋቱ የዝናቡ አልነበረም፤ ቁጥር ማሟላት ከጥራት ስለ ቀደመ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ሥራው ከመንደር ትምህርት ቤቶች ይጀመር። 200 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው አንድ የመማሪያ ሕንፃ በዓመት ወደ 190,000 ሊትር ይሰጣል። የምሕንድስና ተማሪዎች ጣራውን ይለኩ፤ የጤና ተማሪዎች ውኃውን ይመርምሩ፤ ማኅበራችን ለማጠራቀሚያው ገንዘብ ያሰባስብ። ቁልፉንና ጥገናውን ግን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በመረጡት ኮሚቴ ይያዙ፤ እኛ ስንሄድ የሚቀሩት እነርሱ ናቸውና።

ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ይሰቀል። ዘንድሮ የፈሰሰውን ማንም አይመልሰውም።