ብርብራይት፦ ስሙ ይጽና፣ መስፈርቱ ይጥበቅ

ከነቀምት በስተምዕራብ፣ በዩብዶ የሚገኘው ብርብራይት ስሙን ያገኘው ከብርብር ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ አዲስ ዓለት ብለው ሰየሙት። ዓለት ነው እንጂ ማዕድን አይደለም፤ ልዩነቱም የቃላት ብቻ አይደለም።

ቦሬት ማዕድን የሚመደበው በቦሮንና በኦክስጅን ጥምረቱ፣ ማለትም በኬሚካዊ ይዘቱ ነው። ብርብራይት ግን በአመዛኙ ኳርትዝ፣ ካልሴዶኒና ኦፓል በመሆኑ ይዘቱ ብቻውን ከሌላ ሲሊካማ ዓለት አይለየውም። የሚለየው አመጣጡ ነው፦ ቀድሞ ዱናይት ነበረ፤ የኦሊቪኑ ማግኒዥየም ታጥቦ ሲወጣ ሲሊካው ቀረ። (ሂደቱ የገጸ ምድር መበስበስ ነው ወይስ የፍል ውሃ ሥራ የሚለው ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል።)

ስለዚህ ቡናማና ጠንካራ ሲሊካን ሁሉ በዓይን አይቶ ብርብራይት ማለት ሊቀር ይገባል ባይ ነኝ። ስሙን በ«ሲሊካማ ዱናይት» መተካት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ስሙ ከመጻፉ በፊት መበስበስን የሚቋቋመው ክሮማይት ወይም ሌላ የዱናይት ርዝራዥ በማይክሮስኮፕ ይረጋገጥ። የዩብዶ ፕላቲነም የተያያዘው ከዱናይቱ ጋር ነው፤ በካርታ ላይ በግምት የሰፈረ «ብርብራይት» ቀጣዩን አሳሽ ባዶ ኮረብታ ሊያስቆፍረው ይችላል።