ከፑንቲናው በፊት ገመዱ፦ የፎርድ 8ኤን ትራክተር የማቀጣጠያ ሥርዓት

ፎርድ 8ኤን የተባለው የእርሻ ትራክተር እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 በአሜሪካ ከ500 ሺሕ በላይ የተመረተ ሲሆን፣ ዛሬም በዚያው አገር በአነስተኛ እርሻዎች ላይ ሣር ሲያጭድ ይታያል። በኢትዮጵያ በስፋት ከሚታወቁት የናፍጣ ትራክተሮች በተለየ በቤንዚን ስለሚሠራ ነዳጁን የሚለኩስ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያስፈልገዋል። ሞተሩ አልነሣም ባለ ቁጥር የሚሰነዘረው የተለመደ ምክር፣ ጅረቱን የሚቆርጠውንና የሚቀጥለውን ፑንቲና አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መተካት ነው። ምክሩ ችኮላ የበዛበት ነው።

የፑንቲና ድክመት ጎልቶ የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት በሚዞር ሞተር ላይ ነው። የ8ኤን ሞተር ግን በሥራ ላይ በደቂቃ ከ2,000 ዙር ብዙም አያልፍም፤ በዚህ ፍጥነት ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያስፈልገው በሴኮንድ 67 ያህል ብልጭታ ነው። ይህን ክፍተቱ በአግባቡ የተስተካከለ ፑንቲና ያለ ችግር ያደርሳል።

ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከዲስትሪቢዩተሩ ውጭ ነው። ትራክተሩ ከፋብሪካ የወጣው በ6 ቮልት ባትሪ ነው። ባትሪውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው ጫፍ ዝጎ ወይም ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ ተገጥሞ 1 ቮልት ቢባክን፣ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ሞተሪኖው ባትሪውን በሚጎትትበት ቅጽበትማ ለኮይሉ የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይህን ረሃብ አያስታግስም፤ እንዲያውም ራሱ በቂ ቮልቴጅ ካላገኘ አይሠራም። እንግዲህ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለወፍራም ገመድና ለንጹሕ ግንኙነት ነው።

ወደ 12 ቮልት መሸጋገርም ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል፣ ጥንቃቄ ከታከለበት። በፋብሪካው አሠራር ከአካሉ ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ሲሆን፣ የተለመዱት አልተርኔተሮች የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው። የጅረት መቀነሻ ሬዚስተር ሳይጨመር የቀድሞው ኮይል እንዳለ ቢተው ደግሞ ኮይሉ ይግላል፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል።

ኤሌክትሮኒኩ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ለወራት ሳይነሣ በሚቆም ትራክተር ላይ ፑንቲና ይዝጋል፤ እስከ 1950 አጋማሽ በተሠሩት ላይ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩ ከማራገቢያው ኋላ ተሸሽጎ ስለሚገኝ ለእጅ አይመችም። ሆኖም አዲሱ ዕቃ ሲበላሽ አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም፣ ተከፍቶም አይጠገንም። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ሳይዘጋ ቢረሳ ሊቃጠል ይችላል። ፑንቲና ግን በቀጭን ሞረድና በካቻቢቴ ማሳው ላይ ይታደሳል፤ የታጨደው ሣር ዝናብ ሳይመታው መነሣት ላለበት ገበሬ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ኤሌክትሮኒኩን የሚገጥም ሰው የወለቀውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከመሣሪያ ሳጥኑ ባያርቅ ይመረጣል። ከፊት የሚገጠመው ዲስትሪቢዩተር የተያዘው በሁለት ብሎኖች ብቻ ነው፤ ማያያዣ ምላሱም ከመሐል ፈቀቅ ያለ በመሆኑ ተፈቶ ሲመለስ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።