ስለ በረዶ መንሸራተቻ ርዝመት

በራስ ደጀን ተራራ አናት አልፎ አልፎ በረዶ ቢያርፍም ፈጥኖ ስለሚቀልጥ፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆኖ እስኪቀርብ ድረስ የመንሸራተቻ ነገር ለብዙዎቻችን ባዕድ ነበር። የቀድሞው የቁልቁለት መንሸራተቻ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ጎኑም ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አጭሩና ወገበ ቀጭኑ ግን፣ በጎኑ ሲያዘነብሉት ጠርዙ ጎብጦ በረዶውን እየቀረጸ ስለሚታጠፍ፣ ለጀማሪ ታላቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ረጅሙ ፈጽሞ ተሽሯል የሚለውን ፍርድ አልቀበልም፤ የዘመን አዲስነት ብቻውን ሚዛን ሊሆን አይገባምና። ለምሳሌ በአገር አቋራጭ የበረዶ መንሸራተት፣ ሮቤል በቶሪኖ 15 ኪሎ ሜትር በሄደበት በጥንታዊው ስልት፣ እግር ቀጥታ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ረዘም ያለው ይመረጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር በተወዳደረበት በነጻው ስልት ደግሞ፣ እግር ወደ ጎን እየገፋ ስለሚራመድ አጠር ያለው ይስማማል።