የ68 ሚሊዮን ዶላሩን ውል ማን ይግዛው?

ስለ አይስ ሆኪ ልጽፍ ነው ስል «በረዶውን ከየት አመጣኸው?» ማለታችሁ አይቀርም። ግድ የለም፤ ጨዋታውን ባታውቁትም ሒሳቡ ይገባችኋል።

ሰውየው ሮብ ብሌክ ይባላል፤ ካናዳዊ ተከላካይ ነበር። ሎስ አንጀለስ ኪንግስ እ.አ.አ. በ1988 ሲመርጠው 69 ልጆች ቀድመውት ተመርጠው ነበር። በ1998 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2001 በደመወዝ ሳይስማሙ ቀሩና ክለቡ ለኮሎራዶ ሰጠው። ኮሎራዶም በዚያው ዓመት ኪንግስን ራሱን በሰባት ጨዋታ አሰናብቶ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። (እንዲህ ነው ተጫዋች መሸጥ!)

በ2017 ብሌክ የዚያው የኪንግስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ድሮ ደመወዝ ጠያቂ፣ አሁን ከፋይ። ችግሩ ሊጉ ከ2005 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው። እንደ እግር ኳሱ ባለሀብቱ ኪሱን ስለፈተሸ ብቻ የፈለገውን አይገዛም። በ2023-24 ጣሪያው ለአንድ ቡድን 83.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንዱ የጨመርከው ከሌላው የቀነስከው ነው።

ታዲያ ብሌክ በ2023 ክረምት ሦስት ተጫዋቾችና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለዊኒፔግ ሰጥቶ ፒየር-ሉክ ዱብዋን አመጣ። ውሉ ስምንት ዓመት፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን። ከጣሪያው አንድ አሥረኛ በላይ ለአንድ ሰው! ልጁ በ82 ጨዋታ 16 ጎል ብቻ አገባ።

እዚህ ጋ ነው ብሌክን የማደንቀው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ የማይመለስ ወጪ የሚባለውን ነገር በፈተና ላይ በደንብ ይመልሳል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ውሳኔህ ከዛሬ ወዲያ ያለውን ብቻ ይይ። በራስህ ፊርማ የወጣ 68 ሚሊዮን ሲሆን ግን ሌላ ነው። ብዙ አለቃ «ትንሽ ጊዜ ስጡት» እያለ ሦስት ዓመት ይገፋል። ብሌክ በዓመቱ፣ ሰው እየሳቀበት፣ ዱብዋን ለዋሽንግተን ሰጥቶ እዚያ ቦታውን ያጣውን በረኛ ዳርሲ ኩምፐርን ወሰደ።

በቀጣዩ ወቅት ኪንግስ 105 ነጥብ ሰበሰበ፤ የክለቡን ክብረ ወሰን የሚስተካከል ነው። ኩምፐር ለዓመቱ ምርጥ በረኛ ከታጩት ሦስቱ አንዱ ሆነ። ዱብዋም በዋሽንግተን በጎልና በማቀበል 66 ነጥብ አስመዘገበ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረውም። ሁለቱም ወገን አተረፈ ማለት ነው። ገበያ አንዳንዴ እንዲህም ያደርጋል።

ብሌክን ቅዱስ ላደርገው አይደለም። ለዊኒፔግ የሰጣቸው ሦስቱ ልጆች አልተመለሱም። በዚያ ላይ ኪንግስ ከ2022 እስከ 2025 አራት ዓመት በተከታታይ በመጀመሪያው ዙር በኤድመንተን ተሸንፎ ወጣ፤ አራት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ቡድን! በግንቦት 2025 ተለያዩ።

ክለቡ በምትኩ የቀጠረው ኬን ሆላንድን ነው። ከአራቱ ሽንፈቶች በሦስቱ ጊዜ የኤድመንተን ሥራ አስኪያጅ የነበረው እሱ ነው።