ያልተገራው ማን ነው?

ፈረስ ደንጋጣ ሆኖ ይወለዳል እንጂ አመለኛ ሆኖ አይወለድም። ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው እንደሚቃወመኝ አውቃለሁ፤ ይልቁንም በጭሮ የገበያ ቀን አለንጋውን በትከሻው ላይ ጥሎ የሚንጎራደደው ጎረምሳ ይሥቅብኛል። ይሣቅ። እኔም እንደ እርሱ ስሥቅ ነበርሁና፤ ሣቄ ያስከፈለኝን ዋጋ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

ስለ ፈረስ በመካከላችን አንድ ክፉ እምነት ሥር ሰዷል፤ እርሱም «ፈረስ የሚያከብረው የሚፈራውን ነው» የሚል ነው። ስለዚህ ፈረስ ሲራገጥ ይደበደባል፤ ሲነክስ አፍንጫው ይመታል፤ ሲደነብር አፉ እስኪደማ በልጓም ይጎተታል። በመጨረሻ ራሱን ደፍቶ ሲቆም «ተገራ» ይባልለታል። እኔ ግን ይህ መግራት አይደለም እላለሁ። ፈረስ የመታውን እጅ አይረሳም፤ ዝም ያለውም ስለ ተማረ ሳይሆን መሸሻ ስላጣ ነው። መሸሻ ያጣ ፈረስ ደግሞ ከሚፈረጥጠው ይልቅ አደገኛ ነው።

አባቶቻችን በፈረስ ላይ አለንጋ አላነሡም ማለቴ አይደለም፤ አንሥተዋል። ነገር ግን ፈረስን አይንቁትም ነበር፤ ሰውን በፈረሱ ስም እስከ መጥራት ደርሰዋልና። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ሐረርጌን የገዙት ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦርም በዚሁ የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። ጭሮም ቢሆን አሰበ ተፈሪ ተብላ የተጠራችው በልጃቸው በተፈሪ ስም ነው፤ የእርሳቸውም የፈረስ ስም አባ ጠቅል ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለን ሰዎች ዛሬ ለፈረሳችን ስም እንኳ ሳናወጣለት «ያ አመለኛ» እያልን ስንጠራው አናፍርምን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደጋው ወርዶ በጭሮ ገበያ የቀረበ አንድ ዳማ ፈረስ በርካሽ ገዛሁ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት የተሰወረ አልነበረም። ኮርቻ ሲያይ ይዞራል፤ ሰው በጎኑ ሲያልፍ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጥርሱን ያሳያል፤ ሲስቡትም ሳቢውን በትከሻው ገፍቶ ያልፋል። እኔም በአለንጋ አስተካክለዋለሁ ብዬ ሁለት ወር ያህል መታሁት። በሁለተኛው ወር ጸጥ አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ገራሁት» ብዬ አወራሁ።

አንድ ቀን በሂርና መንገድ ዳር አቆምሁትና ገመዱን ለጎረቤቴ ልጅ አስይዤ ወደ ሱቅ ገባሁ። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ልጁ ደንግጦ በፈረሱ በስተኋላ ዞረ። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው። ስወጣ ክንዱ ተሰብሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ካሣም ከፈልሁ። ከዚያ አለንጋዬን አንሥቼ ወደ ጋጣው ስገሰግስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከኩኒ ደጋ የመጡ የኦሮሞ አዛውንት፣ ተከተሉኝ።

«ልጄ፣ ማንን ልትመታ ነው?» አሉኝ።

«ይህን አውሬ ነዋ፣ አባባ!» አልሁ።

«የትናንቱን ጥፋት በዛሬ አለንጋ አያውቀውም። ይልቅስ ጀርባውን አሳየኝ።»

ግላሱን ባነሣሁት ጊዜ ከጋማው በታች፣ ኮርቻው በሚያርፍበት ላይ፣ ጡጫ የሚያህል ቁስል አገኘሁ። ኮርቻ ባየ ቁጥር የሚዞረው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስመታው የነበረው ያመኛል ስላለ ነው።

እንግዲህ ፈረስ ሲያስቸግር አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ያመዋል?» ነው። ጀርባውንና የሆዱ ጠፍር የሚያርፍበትን፣ ጥርሱንና ሰኮናውን ማየት ይገባል። ቁስሉ እስኪድን አይጫንም። ይህ በፈረሱ ለሚያድር ድኻ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቁስሉ ላይ የተጫነ ፈረስ ሲራገጥ «ጠግቦ ነው» ማለት ሐሰት ነው።

ደግሞም የፈረስን ተፈጥሮ ማወቅ ያሻል። ፈረስ በዱር ሳለ የአራዊት ምግብ ስለ ነበረ ነፍሱን የሚያተርፈው በመሸሽ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስላሉ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ የማያየው ከጭራው በስተኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ቅርብ ስፍራ ነው። ልጁ የቆመው በዚያ በማይታየው ስፍራ ነበር። ይህን ሳልነግረው ገመድ ያስያዝሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ኮርቻውን ወዲያ አስቀምጠው ገመድ ብቻ ያዙ። «መሬት ላይ ቆመህ ያልሰማህ፣ ላዩ ስትወጣ አይሰማህም» አሉኝ። ገመዱን በቀስታ ሳቡ፤ ፈረሱ አንዲት እርምጃ ወደ እርሳቸው ባነሣበት ቅጽበት አላሉት። እንደ ገና ሳቡ፤ እንደ ገና አላሉት። በትከሻው ሊገፋቸው ሲመጣም አልመቱትም፤ ከስፍራቸውም ፈቀቅ አላሉም። ደረቱን በጣታቸው ተጭነው ወደ ኋላ እስኪያፈገፍግ ድረስ ጣታቸውን አላነሡም፤ እንዳፈገፈገ ግን ወዲያው አነሡለት። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ፈረስ የሚማረው ሲጫኑት ሳይሆን በታዘዘ ጊዜ ሲያቀሉለት ነው። የታዘዘበት ቅጽበት ካለፈ በኋላ ቢያቀሉለት ምን አድርጎ እንደ ቀለለለት አያውቅም። በቁጣ የተያዘ ሰው ደግሞ ያን ቅጽበት ሊያይ አይችልም።

በዚህ አንጻር ሌላ ዓይነት ሰነፍ አለ፤ ስኳርና ዳቦ በእጁ እያጎረሰ ፈረሱ ሲገፋው የሚሥቅ። የእርሱም ፈረስ ጣት መንከስ ይለምድና በመጨረሻ ያው አለንጋ ይወርድበታል።

ዜኖፎን የተባለው የግሪክ የጦር አለቃ ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ተቆጥቶ ወደ ፈረስ መቅረብን አጥብቆ ይከለክላል። የኩኒው ሽማግሌ ይህን መጽሐፍ አላነበቡም፤ ማንበብም አይችሉም። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ወጣቶች ግን ታነባላችሁ፤ ከገበያው ጎረምሳ ጋር አብራችሁ ስትሥቁ ምክንያታችሁ ምንድር ነው?

«አለንጋ ቶሎ ይሠራል፤ የአንተ ዘዴ ጊዜ ይፈጃል» የሚለኝ አለ። ሁለት ወር የመታሁትን ለመመለስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ ሒሳቡን እርሱ ይሥራው። «ዛሬ ባጃጅ እያለ ስለ ፈረስ ማን ይጨነቃል?» የሚልም አለ፤ እርሱ ባጃጁን ይዞ የኩኒን የእግር መንገድ ይውጣና ይመለስልኝ።

ፈረሱ ዛሬ በገመድ ይከተለኛል፤ ስቆም ይቆማል፤ እግሩንም ሲጠይቁት ያነሣል። ስሙን አባ ቻለው ብዬዋለሁ። ነገር ግን ሰው በቀኙ ቆሞ ጋቢውን ለማስተካከል እጁን ድንገት ሲያነሣ አሁንም ይሸማቀቃል። የልጁ ክንድ ድኗል። እኔና ፈረሱ ስንመጣ ሲያይ ግን መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ነው የሚያልፈው።