የሐይቆቹ መንገድ ሐዋሳ ላይ አያልቅም

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርደው መኪና ይበዛል። ቤተሰቡ ሞጆ ላይ ታጥፎ በፈጣኑ መንገድ ባቱ ይገባል፤ ላንጋኖ ላይ ልጆቹን ዋና ያስነካል፤ ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ያድራል። በማግስቱ አሞራ ገደል ዓሣ ይበላል፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይንሸራሸራል፣ ከዚያም ፊቱን ወደ መጣበት ያዞራል። ጥሩ ጉዞ ነው፤ ግን ከግማሽ የቀረ ነው። ሌላው ግማሽ ከዲላና ከቡሌ ሆራ ወዲያ፣ በቦረና ቆላ ይገኛል። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከልብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እስከዚያ መውረድ አለበት።

ብዙ የደጋ ሰው ክረምትን የጭቃ ወራት አድርጎ ስለሚያስብ ሩቅ መንገድ አይደፍርም። የቦረና ሰማይ ግን የራሱ ቀጠሮ አለው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ስሙም ገና ይባላል። አጭሩ ዝናብ ሐገያ ሲሆን የሚመጣው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ጎጃምና ሸዋ በዝናብ በሚርሱበት በሐምሌና በነሐሴ ቦረና አዶሌሳ ላይ ነው፦ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰማዩ ይደምናል፣ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ጉዞው የሚጀምርበት የባቱው ሐይቅ ዝዋይ ራሱ ብዙ የሚናገረው አለው። መቂና ከታር ወንዞች ውኃቸውን ወደ ሐይቁ ያስገባሉ፤ ቡልቡላ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ስለዚህ ዝዋይ ላይ የተቀዳ ውኃ ሁሉ ከአቢጃታ የተቀነሰ ነው። በዝዋይና በገባሮቹ ዙሪያ የአትክልትና የአበባ እርሻ በሞተር ይስባል፤ አቢጃታ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃውን እያተነነ ጨው ሲያመርት ኖሯል። ውጤቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አቢጃታ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ድሮ ባሕር የነበረው ዳርቻ ዛሬ መኪና የሚነዳበት ነጭ ሜዳ ነው። ጎረቤቱ ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው ጉዳቱ በቀላሉ አይታይበትም፤ ጥልቀት የሌለው አቢጃታ ግን ምሕረት አላገኘም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል፤ በውኃ ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግም ይናገራል። ሆኖም ዝዋይ ዳር ቆሞ «ዛሬ ማን ምን ያህል ቀዳ? ነገስ የማን ተራ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ለዚህ ጥያቄ በስም የሚጠራ መላሽ ያለበትን አገር ለማየት ገና ብዙ ኪሎ ሜትር መንዳት ያስፈልጋል።

ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ በጌዴኦ ቡናና እንሰት መካከል ያልፋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2016 ዓ.ም. መባቻ ነው። ቡሌ ሆራን ካለፉ በኋላ ጥዱ እየሳሳ፣ ግራሩና ቀይ አፈሩ እየበዛ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያቤሎ ትገኛለች። የከተማዋን ዙሪያ በዓለም የወፍ አጥኚዎች ዘንድ ስመ ጥር ያደረገችው አንዲት ግራጫ ወፍ ናት። በ1938 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀችው ይህች የቁራ ዘመድ ከያቤሎና ከአካባቢው ሌላ በምድር ላይ መኖሪያ የላትም። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት የታጠረችው በሙቀት ነው፤ የዚህ ቦታ አየር ከዙሪያው ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ መውጣት አትችልም። የአየር ንብረት ለውጥ ማለት ምን እንደሆነ ለልጁ ማስረዳት የሚፈልግ አባት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ከያቤሎ በሞያሌ መንገድ ወደ ዱቡሉቅ ይወረዳል። ዱቡሉቅ ትልቅ የቁም ከብት ገበያ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ ወደ ኤል ሶድ የሚያስገባው መንገድም ከዚያ ይታጠፋል። ኤል ሶድ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦረ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከአፋፉ ቁልቁል ሲያዩት ከታች የጠቆረ ሐይቅ ይታያል። ዳሩ ላይ የተሰለፈ ሆቴል የለም፣ ጀልባም የለም። ያለው ሥራ ነው። ወንዶች አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ደፍነው ወደ ጨዋማው ውኃ ይገባሉ፤ በእንጨት ከወለሉ ላይ የተነቀለውን ጥቁር ጭቃ ይዘው ይወጣሉ። ጭቃው ለከብት የሚሰጥ ጨው ነው፤ ለሰው የሚሆን ጨውም ከዚሁ ሐይቅ ይወጣል። ምርቱ በአህያ ተጭኖ ገደሉን ወደ ላይ ይጓዛል። ውኃው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ሥራው ዕድሜ ይበላል። ከላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ጎብኚ ግን የሚያየው መልክዓ ምድሩን ብቻ ነው። መውረድ፣ ከሠራተኞቹ ጋር በአስተርጓሚ መነጋገር፣ የአካባቢውን አስጎብኚ በተገቢው ዋጋ መቅጠር የጉብኝቱ ዋና ክፍል ሊሆን ይገባል።

የጉዞው ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ኤላ ላይ ነው። ኤላ የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። ዘጠኙ ቱላዎች የሚባሉት ዋነኞቹ በእጅ የተቆፈሩና የዘመናት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። በድርቅ ወራት ወጣቶች ከሥር እስከ አፍ ድረስ በመሰላል ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ገንዳው ያደርሳሉ። ድካሙን የሚችሉት በዜማ ነው፤ የውጭ ጸሐፊዎች «ዘፋኞቹ ጉድጓዶች» የሚሏቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዜማው ይልቅ የሚያስደንቀው ሥርዓቱ ነው። እያንዳንዱ ኤላ ኮንፊ አለው፤ መጀመሪያ በቆፈረው ሰው የዘር ሐረግ የሚጠበቅ ባለ አደራ ማለት ነው። የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ ገንዳውን ማን እንደሚጠግን፣ ጭቃውን ማን እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። የውኃ መብት በብር አይገዛም፤ በጎሳ ትስስርና በጉልበት ይገኛል። ተራ የጣሰ በጉባኤ ይጠየቃል።

ይህ ሥርዓት ከገዳ ተነጥሎ አይቆምም። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የቦረና ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፈውም በዚሁ ምድር ነው፦ በ2017 ዓ.ም. አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣናቸውን ለአባ ገዳ ጉዮ ቦሩ ያስረከቡት አሬሮ ውስጥ ባዳሳ በተባለው ሥፍራ ነው። ሕዝቡ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉን የሚከልሰውም በየስምንት ዓመቱ ነው። አሬሮ የደረሰ መንገደኛ ጥቅጥቅ ካለው የጥድ ደን ባሻገር ሕግ የሚወጣበትን አገር እየረገጠ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ከአሬሮ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ ነገሌ ቦረና ይደረሳል። የዘመናዊቷ ኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ትልቅ መታጠፊያ እዚህ ተጀምሯል፤ ሰበቡም ውኃና ምግብ ነበር። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌው 4ኛ ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። የበታች ሹማምንቱና የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ጉዳዩን ለማጣራት ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው የእነሱን ምግብና ውኃ አቀመሷቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳያልቅም የአብዮቱ ዓመት ሆነ። በዚያው በቦረና ምድር ባለ ኤላ ላይ የተጠማን ከብት በተራው የሚያጠጣ ሕግ እየተሠራበት ሳለ፣ በጦር ሰፈሩ ውስጥ የማዕረግ ልዩነት ውኃ ከለከለ። ልዩነቱ ዛሬም ሊታሰብበት ይገባል።

በዚህ ጉዞ ላይ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ደኅንነት ነው። በጉጂና በአካባቢው ባለፉት ዓመታት ግጭት ነበር፤ ስለዚህ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት፣ በቀን ብቻ መንዳት፣ ያልተባለበትን አቅጣጫ አለመያዝ ግዴታው ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቆበታል፤ የከብት ባለቤት የነበሩ ሰዎች በመጠለያ ጣቢያ የእርዳታ ስንዴ ጠብቀዋል። «ከዚህ መከራ በኋላ ሽርሽር ምን ይሉታል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይገርምም። መልሱ ያለው ገንዘቡ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ነዳጅም ምግብም ጭኖ መጥቶ ኤል ሶድን አይቶ የሚመለስ ሰው ለአካባቢው አቧራ ብቻ ይተዋል። ያቤሎ ያደረ፣ ዱቡሉቅ ሻይ የጠጣና ሥጋ የበላ፣ አስጎብኚ የቀጠረ፣ የወተት ዕቃ ከሠሪዋ እጅ የገዛ መንገደኛ ግን በከብት ብቻ ይኖር ለነበረ ቤተሰብ ሌላ የገቢ በር ይከፍታል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በ«ገበታ ለሀገር» ጎርጎራና ወንጪ ተሠርተዋል፤ የወንጪ መንደር በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ኤል ሶድ ግዙፍ ሎጅ አይፈልግም፤ ቢሠራበት እንዲያውም ጨው የሚያወጡትን ከቦታቸው ሊገፋ ይችላል። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ዱቡሉቅ ላይ ግልጽ የመንገድ ምልክት፣ የተለጠፈ የመግቢያና የአስጎብኚ ዋጋ፣ ከገቢው ለጨው ሠራተኞች የሚውል ድርሻ፣ ለዓይንና ለቆዳ ሕክምና የሚሆን የጤና ኬላ፣ ጎብኚ ወደ ኤላ ከመቅረቡ በፊት አባ ሄሬጋውን የሚያስፈቅድበት ደንብ። ለዝዋይና ለአቢጃታ ደግሞ ከቦረና የሚቀዳ ልምድ አለ፦ እያንዳንዱ ቀጂ የሚታወቅበት መዝገብ፣ በይፋ የሚነገር ተራ፣ እና ተራ የጣሰን ጠርቶ የሚጠይቅ አካል። የባቱን ገበሬና ባለሀብት ከሻላ ጠባቂዎች ጋር አንድ ላይ ወደ ዱቡሉቅ ወስዶ አንድ ቀን ኤላ ላይ ማዋል የተፋሰሱ ኃላፊዎች በቀጣዩ አዶሌሳ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ነው።